የኮምፒዩተር ትምህርት፦ አንዱን ኩዌሪ አንድ ጊዜ ጽፎ ደጋግሞ መጠቀም



በስደት ኑሮ ውስጥ ዝርዝር ትልቅ ነገር ነው። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ብርድ ልብሱ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ምዝገባ ሳይቀር በዝርዝር ይሄዳል። ስሙ የተገኘ ይወስዳል፤ ስሙ የታጣ «ቆይ፣ ይጣራል» ተብሎ ከሰልፍ ይወጣል። ቀድሞ ዝርዝሩን በእጁ የሚጽፍ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ሰው የጻፈለትን ትእዛዝ ከመፈጸም በቀር ከራሱ የሚያመጣው ነገር የለም። ትእዛዙ በአንድ ቦታ ታርሞ በሌላ ቦታ ሳይታረም ከቀረ፣ ከአንድ መዝገብ ሁለት የማይስማሙ ዝርዝሮች ይወጣሉ። ጉዳቱም የሚያርፈው በሰልፉ መጨረሻ ላይ በቆመው ሰው ላይ ነው።

ዛሬ የምናጠናው ይህ እንዳይሆን የሚረዳውን ዘዴ ነው። ዘዴው አንድን ኩዌሪ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ፣ በፕሮሲጀር ውስጥ በከርሰር አማካይነት ደጋግሞ መጠቀም ነው። ትምህርቱ የዳታቤዝ ትምህርት ለጀመሩ ወጣቶች የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ዝርዝር እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ይጠቅማል። ኮምፒዩተር የሌለው አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊከታተለን ይችላል። መልመጃውም በወረቀት የሚሠራ ነው።

ጥቂት ቃላትን እንተዋወቅ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፣ ቃላቱን በምሳሌ እንያቸው።

ሰንጠረዥ፦ በረድፍና በዓምድ የተዘጋጀ መዝገብ ነው። የእኛን ሰንጠረዥ «ቤተሰብ» ብለን እንጥራው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቤተሰብ ነው። ዓምዶቹ አራት ናቸው፤ እነርሱም ካርድ፣ ዞን፣ ሰዎች እና ሁኔታ ናቸው። «ሁኔታ» የሚለው ዓምድ ካርዱ «የጸና»፣ «ጊዜያዊ» ወይም «የተዘጋ» መሆኑን ይነግረናል።

ዳታቤዝ፦ የብዙ ሰንጠረዦች ማኖሪያ ነው።

ኩዌሪ፦ ለዳታቤዙ የምናቀርበው ጥያቄ ነው። ለምሳሌ «በዞን 1 ካርዳቸው የጸና ቤተሰቦች እነማን ናቸው?» ብንል ይህ ኩዌሪ ነው። ኩዌሪ የሚጻፍበት ቋንቋ ኤስ ኪው ኤል ይባላል። የሐሳቡ መሠረት ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ጽሑፍ ሲሆን፣ ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ ያስተዋወቁት የዚያው ድርጅት ባልደረቦች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የደረጃ መለኪያ ወጣለት።

ፕሮሲጀር፦ ተከታታይ ትእዛዞች በአንድ ስም ታስረው በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጡበት ነው። ስሙን ስንጠራ ትእዛዞቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይፈጸማሉ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ የአሠራር ዝርዝር ቁጠሩት።

ከርሰር፦ ኩዌሪው ባወጣው ዝርዝር ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ጣት ማለት ነው። ጣታችንን መጀመሪያ ስም ላይ እናሳርፋለን፣ እናነባለን፣ የሚሠራውን እንሠራለን፣ ወደሚቀጥለው እንወርዳለን። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ያደርጋል። የከርሰር ሥራ አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ስሙና ኩዌሪው ይነገራል፤ ይህ ዲክሌር ይባላል። ቀጥሎ ይከፈታል፤ ይህ ኦፕን ነው። ከዚያ ረድፍ በረድፍ ይነበባል፤ ይህ ፌች ነው። በመጨረሻ ይዘጋል፤ ይህ ክሎዝ ነው።

በኮምፒዩተሩ ላይ የኤስ ኪው ኤል ትእዛዞች የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። እኛ ግን ሐሳቡ ጎልቶ እንዲታይ ትእዛዞቹን በአማርኛ እያብራራን እንሄዳለን።

ችግሩ፦ የተገለበጠ ኩዌሪ

የሚከተለው ምሳሌ ለትምህርት ብለን ያዘጋጀነው ነው። የየትኛውም ካምፕ መዝገብ አይደለም።

ሦስት ዞኖች አሉ እንበል። በየወሩ ለእያንዳንዱ ዞን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፣ ከመጋዘን ስንት ኪሎ እህል መጠየቅ እንዳለበት ለማወቅ ሰዎቹን መደመር ነው። ሁለተኛው፣ በዕደላው ቀን ስም የሚጠራበትን ዝርዝር ማውጣት ነው። ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል ቢታሰብ፣ በ30 ቀን 12 ኪሎ ይሆናል።

ጀማሪ ጸሐፊ ምን ያደርጋል? ለዞን 1 ዝርዝር አንድ ኩዌሪ ይጽፋል። ለዞን 2 ያንኑ ገልብጦ 1 የሚለውን ቁጥር 2 ያደርገዋል። ለዞን 3 እንደገና ይገለብጣል። ለድምሩም ሌላ ሦስት ጊዜ ይገለብጣል። እንግዲህ አንድ ሐሳብ በስድስት ቦታ ተጻፈ ማለት ነው። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ትክክል ስለሚሠራ ማንም ልብ አይለውም።

በሁለተኛው ወር አዲስ ደንብ ይመጣል፦ «አዲስ የገቡና ጊዜያዊ ወረቀት የያዙ ቤተሰቦችም ራሽን ያገኛሉ።» ጸሐፊው ስድስቱንም ማረም አለበት። አምስቱን ያርምና ስድስተኛውን፣ የዞን 3ን ድምር፣ ይዘነጋዋል። ኮምፒዩተሩ «ረስተሃል» አይለውም። ሁለቱም ኩዌሪዎች ለማሽኑ ትክክለኛ ኩዌሪዎች ናቸውና።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በዞን 3 ካርዳቸው የጸና 1,150 ሰዎች አሉ። ጊዜያዊ ወረቀት የያዙት ደግሞ 120 ናቸው። ድምሩ ያልታረመ ስለሆነ ከመጋዘን የሚጠየቀው 1,150 በ12፣ ማለትም 13,800 ኪሎ ይሆናል። ዝርዝሩ ግን የታረመ ስለሆነ የሚጠሩት 1,270 ሰዎች ናቸው፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው 15,240 ኪሎ ነው። የጎደለው 1,440 ኪሎ፣ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ቢቆጠር ወደ 29 ጆንያ ነው። በዝርዝሩ ላይ የሁሉም ስም አለ፤ የሁሉም ካርድ ትክክል ነው። ይሁንና እህሉ ሰልፉ ሳያልቅ ያልቃል። ያን ጊዜ ሰው መጋዘን ጠባቂውን ይጠረጥራል፤ ነባሩ አዲስ የገባውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የተዘነጋች አንዲት መስመር ናት።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ለቤት ይሠራል፤ ለኩዌሪ ግን አይሠራም። ስድስት ቦታ የተተከለ ኩዌሪ አንዱ ሲሰበር ሌሎቹ መሰበሩን አይነግሩንም።

አንደኛው መፍትሔ፦ ፓራሜትር ያለው ከርሰር

ሦስቱ የዞን ዝርዝሮች የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የዞኑ ቁጥር ነው። ስለዚህ ኩዌሪውን አንድ ጊዜ ጽፈን የዞኑን ቁጥር ቦታ ክፍት እንተወዋለን። ይህ ክፍት ቦታ ፓራሜትር ይባላል። በማመልከቻ ቅጽ ላይ «ስም፦ ______» ተብሎ እንደሚተወው ባዶ ቦታ ነው። ቅጹ አንድ ነው፤ የሚሞላው ስም ይለያያል።

በነጻ በሚገኘው በፖስትግሬስ ኪው ኤል ከርሰሩ የሚዘጋጀው በሚከተለው መልክ ነው።

የከርሰሩ ስም፦ ባለራሽኖች
ፓራሜትሩ፦ ተፈላጊ_ዞን
ኩዌሪው፦ ከ«ቤተሰብ» ሰንጠረዥ ካርድንና ሰዎችን ምረጥ፤ ዞኑ ከተፈላጊ_ዞን ጋር እኩል የሆነውን፤ እና (ሁኔታው «የጸና» ወይም «ጊዜያዊ» የሆነውን)፤ በካርድ ቁጥር ቅደም ተከተል።

ከዚህ በኋላ በፕሮሲጀሩ ውስጥ «ባለራሽኖችን በ1 ክፈት» ስንል የዞን 1 ዝርዝር ይመጣል። ከዘጋነው በኋላ «በ2 ክፈት» ስንል የዞን 2፣ «በ3 ክፈት» ስንል የዞን 3 ይመጣል። ኩዌሪው ግን አንድ ነው። ደንቡ ሲለወጥ የምናርመው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል። ፖስትግሬስ ፎር የተባለውን መደጋገሚያ ስንጠቀም ከርሰሩን ራሱ ከፍቶ ራሱ ይዘጋል፤ ረድፉ ሲያልቅም ራሱ ይቆማል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

ሀ. ቅንፉን አትርሱ። ኤስ ኪው ኤል «እና» የሚለውን ከ«ወይም» አስቀድሞ ያሰላል። ቅንፉ ከቀረ ትርጉሙ «በዞን 1 ያሉ የጸና ካርድ ያላቸው፣ ወይም በየትኛውም ዞን ያሉ ጊዜያዊ ካርድ ያላቸው» ይሆናል። አዲስ የገቡት ቤተሰቦች በሦስቱም ዞን ዝርዝር ላይ ይወጣሉ፤ ሦስት ጊዜም ይቆጠራሉ።

ለ. ፓራሜትሩን በዓምዱ ስም አትጥሩት። ዓምዱ «ዞን» ከሆነ ፓራሜትሩን «ተፈላጊ_ዞን» በሉት። ሁለቱም «ዞን» ቢባሉ ዳታቤዞቹ በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ፖስትግሬስ እንደተለመደው ግራ ተጋባሁ ብሎ ሥራውን ያቆማል። ኦራክል ለዓምዱ ቅድሚያ ስለሚሰጥ «ዞን ከዞን ጋር እኩል የሆነውን» ብሎ ዞን የተመዘገበለትን ሁሉ ያወጣል። ማይ ኤስ ኪው ኤል ደግሞ ስሙ ከተለዋዋጭ ስም ጋር ሲመሳሰል ተለዋዋጩን ይመርጣል። ሥራውን የሚያቆመው ይሻላል፤ ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው አደገኛው።

ሐ. ቅደም ተከተሉን ጻፉ። ኩዌሪው «በካርድ ቁጥር ቅደም ተከተል» ካላለ፣ ዳታቤዙ ረድፎቹን በፈለገው ቅደም ተከተል ሊያመጣ ይችላል። ዛሬ መጀመሪያ የወጣው ነገ መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው መፍትሔ፦ ደንቡን በቪው ውስጥ ማስቀመጥ

ከላይ ያየነው ከርሰር ሦስቱን ዝርዝሮች ወደ አንድ አመጣልን። ይሁን እንጂ በአንድ ፕሮሲጀር ውስጥ የተዘጋጀ ከርሰር ለሌላው ፕሮሲጀር አይታይም። ለመጋዘን ድምር የሚያወጣው ፕሮሲጀር ሌላ ከሆነ ኩዌሪውን እንደገና መጻፉ አይቀርም። ያው ችግር በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

ለዚህ የሚረዳው ቪው ነው። ቪው ማለት ስም ተሰጥቶት በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ኩዌሪ ነው። ተራው ቪው መረጃ አያከማችም፤ በተጠራ ቁጥር ኩዌሪውን አዲስ አስፈጽሞ ውጤቱን ያቀርባል። «ራሽን_የሚገባቸው» የሚል ቪው እናዘጋጅና «የጸና ወይም ጊዜያዊ» የሚለውን ደንብ በእርሱ ውስጥ ብቻ እንጻፍ። ከዚያም ከርሰሩ «ከራሽን_የሚገባቸው፣ ዞኑ ተፈላጊ_ዞን የሆነውን» ይላል። ድምሩም «ከራሽን_የሚገባቸው ሰዎችን ደምር» ይላል። ማን ራሽን እንደሚገባው የሚናገረው አንድ ቦታ ብቻ ሆነ። ከእንግዲህ ደንቡ ሲለወጥ ዝርዝሩም ድምሩም አብረው ይለወጣሉ።

ሦስተኛው መፍትሔ፦ አንድ ጊዜ አንብቦ መጻፍ

ኩዌሪው አንድ ከሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው? አይደለም። መዝገቡ ሕያው ነው። ድምሩ ጠዋት በ3 ሰዓት ወጥቶ ዝርዝሩ በ5 ሰዓት ቢወጣ፣ በመካከሉ አዲስ ቤተሰብ ሊመዘገብ፣ ሕፃን ተወልዶ ሊጨመር ይችላል። ያው ኩዌሪ በሁለት ሰዓት ሁለት መልስ ይሰጣል። በፖስትግሬስ አንድ ከርሰር ከተከፈተ በኋላ መጨረሻው ድረስ የሚያሳየን በተከፈተበት ቅጽበት የነበረውን መዝገብ ነው። ሆኖም በተለመደው አሠራር ቀጥሎ የሚመጣው ሌላ ትእዛዝ አዲሱን መዝገብ ያያል።

ስለዚህ የተሻለው መንገድ ቪውን በወር አንድ ጊዜ አንብቦ ውጤቱን በሌላ ሰንጠረዥ ላይ መጻፍ ነው። ሰንጠረዡን «የወር_ዝርዝር» እንበለው። ዓምዶቹ ወር፣ ካርድ፣ ዞን፣ ሰዎች፣ ኪሎ እና የተጻፈበት ሰዓት ይሁኑ። ከዚያ በኋላ ድምሩም፣ የስም ጥሪውም፣ የመጋዘኑ ወረቀትም የሚወጡት ከ«የወር_ዝርዝር» ነው። ከርሰሩም የሚሄደው በዚሁ ላይ ይሆናል። ወርና ካርድ በአንድነት ሁለት ጊዜ እንዳይገቡ ቁልፍ ማድረግም ይገባል። ያን ጊዜ ፕሮሲጀሩ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጠራ ዳታቤዙ ሁለተኛውን አይቀበልም።

ይህ ሰንጠረዥ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ቤተሰብ «በዚህ ወር ስሜ ለምን ቀረ?» ብሎ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ ዝርዝሩ የወጣበትን ሰዓት አይቶ ቤተሰቡ ከዚያ በፊት ወይስ በኋላ እንደተመዘገበ መናገር ይቻላል። መዝገብ ካልተቀመጠ ግን መልሱ ግምት ይሆናል።

ከርሰር መቼ ያስፈልጋል?

ከርሰርን የተማረ ሰው ለሁሉም ነገር ሊጠቀምበት ይሻል። ይህ ትክክል አይደለም። ሰዎቹን ለመደመር ጣትን በ1,000 ረድፍ ላይ ማስኬድ አያስፈልግም፤ ኤስ ኪው ኤል አንድ የመደመር ትእዛዝ አለው። ከቪው ወደ «የወር_ዝርዝር» ለመገልበጥም አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ዳታቤዝ ብዙ ረድፍን በአንድነት ሲያስተናግድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ በአንድ ከማንሣት ይፈጥናል፤ ስሕተቱም ያነሰ ነው።

ከርሰር የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚሠራው ሥራ ከፊቱ በሆነው ላይ ሲመሠረት ነው። ለምሳሌ በመጋዘን ያለው እህል ስንት ቤተሰብ ድረስ እንደሚደርስ ለማወቅ፣ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ በኋላ የቀረውን እየቀነሱ መሄድ ያስፈልጋል። ፕሮሲጀሩ የሚከተሉትን ይሠራል።

1. በመጋዘን ያለውን ኪሎ ይይዛል።
2. ከርሰሩን በተፈለገው ዞን ይከፍታል።
3. አንድ ቤተሰብ ያነባል።
4. ረድፍ መገኘቱን ያረጋግጣል፤ ካልተገኘ ወደ 7 ይሄዳል።
5. የቤተሰቡ ድርሻ ከቀረው እህል የሚበልጥ ከሆነ የካርዱን ቁጥር «እህሉ የማይበቃው ከዚህ ጀምሮ ነው» ብሎ ጽፎ ወደ 7 ይሄዳል።
6. ድርሻውን ይቀንሳል፤ ወደ 3 ይመለሳል።
7. ከርሰሩን ይዘጋል።

ይህ ፕሮሲጀር መሠራት ያለበት ከዕደላው ቀን በፊት ነው። ጉድለቱ ቀድሞ ከታወቀ ተጨማሪ መጠየቅ ወይም ድርሻውን ለሁሉም እኩል መቀነስ ይቻላል። የትኛው ይደረግ የሚለው የሰው ውሳኔ ነው፤ ለከርሰር የሚተው አይደለም።

የ4ኛው ደረጃ ቦታም ወሳኝ ነው። ማይ ኤስ ኪው ኤል ረድፍ ሲያልቅ በመጨረሻ ያነበበውን ዋጋ እንደያዘ ይቆያል። ማለቁን ሳናረጋግጥ ወደ ሥራው ከገባን የመጨረሻው ቤተሰብ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ የመጋዘኑም ሒሳብ አይገጥምም። ስለዚህ ሁልጊዜ ማንበብ፣ ማረጋገጥ፣ ከዚያ መሥራት ይሁን።

በልዩ ልዩ ዳታቤዞች ያለው ልዩነት

ሐሳቡ አንድ ቢሆንም አጻጻፉ ይለያያል።

ኦራክልና ፖስትግሬስ ከላይ እንዳየነው ለከርሰር ፓራሜትር ይፈቅዳሉ።

ማይ ኤስ ኪው ኤል ለከርሰር ፓራሜትር የለውም። ይሁን እንጂ በኩዌሪው ውስጥ ያለውን ተለዋዋጭ የሚያነበው ከርሰሩ ሲከፈት ስለሆነ፣ ከመክፈታችን በፊት ለተለዋዋጩ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 3 እየሰጠን እየዘጋን መክፈት እንችላለን። አቀማመጡም ሥርዓት አለው፦ መጀመሪያ ተለዋዋጮች፣ ቀጥሎ ከርሰሮች፣ በመጨረሻ ረድፍ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ የሚናገረው ትእዛዝ።

የማይክሮሶፍቱ ኤስ ኪው ኤል ሰርቨር በተቃራኒው ተለዋዋጩን የሚያነበው ከርሰሩ ዲክሌር ሲደረግ ነው። ዘግተን ብንከፍተው የድሮውን ዞን ይሰጠናል፤ ኮምፒዩተሩም ምንም አይናገርም። እዚያ ከርሰሩን አፍርሶ በአዲስ ዲክሌር ማድረግ ያስፈልጋል። ደንቡ በቪው ውስጥ ከተቀመጠ ይህም ቢሆን ጉዳት የለውም።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ መልካም ዜና እንጨምር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ፖስትግሬስም የሰንጠረዥና የዓምድ ስም በራሳችን ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ስም ግን ከ63 ባይት መብለጥ የለበትም። ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ቦታው የሚበቃው ለ21 ፊደል ነው። ስሙን አሳጥሩ።

በመጨረሻም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኩዌሪን ደጋግሞ ለመጠቀም ብለው የኩዌሪውን ጽሑፍ ቆራርጠው፣ ተጠቃሚው የጻፈውን ቃል በመካከሉ ቀጥለው የሚያስፈጽሙ አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ተጠቃሚው በስም ፈንታ ትእዛዝ ቢጽፍ ዳታቤዙ ትእዛዙን ሊፈጽም፣ የሰውንም መረጃ አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል። የስደተኛ መረጃ በማያገባው ሰው እጅ መግባቱ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢዎቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ዋጋ ሁልጊዜ በፓራሜትር ይግባ።

መልመጃ

የሚከተለውን ሰንጠረዥ በወረቀት ላይ ገልብጡ። ድርሻው ለአንድ ሰው 12 ኪሎ ነው።

ካርድ 101፦ ዞን 1፣ 4 ሰዎች፣ የጸና
ካርድ 102፦ ዞን 2፣ 6 ሰዎች፣ የጸና
ካርድ 103፦ ዞን 1፣ 3 ሰዎች፣ ጊዜያዊ
ካርድ 104፦ ዞን 1፣ 5 ሰዎች፣ የተዘጋ
ካርድ 105፦ ዞን 2፣ 2 ሰዎች፣ ጊዜያዊ
ካርድ 106፦ ዞን 1፣ 7 ሰዎች፣ የጸና

ጥያቄ 1፦ ከርሰሩን በ1 ክፈቱ። ጣታችሁ የሚያርፈው በየትኞቹ ካርዶች ላይ ነው? ስንት ኪሎ ያስፈልጋል? እንደገና በ2 ክፈቱ።

ጥያቄ 2፦ ዝርዝሩ በአዲሱ ደንብ፣ ድምሩ ግን የጸና ካርድ ብቻ በሚለው በአሮጌው ደንብ ቢወጣ በሁለቱ ዞኖች ስንት ኪሎ ይጎድላል?

ጥያቄ 3፦ ቅንፉ ቢረሳ በዞን 1 ዝርዝር ላይ ማን ያለቦታው ይገባል?

ጥያቄ 4፦ ለዞን 1 በመጋዘን ያለው 150 ኪሎ ብቻ ነው። ሰባቱን ደረጃዎች ተከተሉ። እህሉ የማይበቃው ከየትኛው ካርድ ጀምሮ ነው?

መልስ

1፦ በዞን 1፣ 101፣ 103 እና 106፤ 14 ሰዎች፣ 168 ኪሎ። በዞን 2፣ 102 እና 105፤ 8 ሰዎች፣ 96 ኪሎ።

2፦ በአዲሱ ደንብ 22 ሰዎች 264 ኪሎ ያስፈልጋቸዋል። በአሮጌው 17 ሰዎች ተቆጥረው 204 ኪሎ ይመጣል። የሚጎድለው 60 ኪሎ ነው።

3፦ የዞን 2 የሆነው ካርድ 105። ዞን 1 በ168 ፈንታ 192 ኪሎ ይጠይቃል፤ ካርድ 105ም በሁለት ዞን ይጠራል።

4፦ 101 48 ኪሎ ሲወስድ 102 ይቀራል። 103 36 ሲወስድ 66 ይቀራል። 106 የሚገባው 84 ስለሆነ አይበቃም። ከ106 ጀምሮ ነው። ሰባት ሰው ያለበት ቤት ነውና ይህን ከዕደላው ቀን በፊት ማወቅ ይገባል።

ለተማሪዎች የምንተወው ምክር ይህ ነው፦ ኩዌሪ ለመገልበጥ እጃችሁ ሲዘረጋ ቆም ብላችሁ «ይህ ደንብ ስንት ቦታ ተጻፈ?» በሉ። ከአንድ በላይ ከሆነ ወደ ቪው ወይም ፓራሜትር ወዳለው ከርሰር አምጡት። ለሌሎች አንባቢዎቻችን ደግሞ፦ ስማችሁ ከዝርዝር ሲጠፋ ወይም እህሉ ሳይደርሳችሁ ሲያልቅ፣ በአጠገባችሁ የቆመውን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዝርዝሩ የወጣው በስንት ሰዓት ነው? ድምሩና ዝርዝሩ የወጡት ከአንድ ቦታ ነው ወይ? ጥያቄውን በትሕትና ለብሎክ መሪያችሁ ወይም ለአቤቱታ ሰሚው አቅርቡ።